መምህር መላኩና ሁለቱ ድንጋዮች

ነሐሴ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፤ የመምህር መላኩ ግራጫ ድንጋይ ከአሲዱ ወጥቶ አልተመዘነም።

ተማሪ በሌለበት የሚያስተምር ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ወልድያ የደረሷት ክቡር መምህር መላኩ ናቸው። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ባዩ ቁጥር ጣታቸው ይነሣል፦ «ይነካካሉ ወይስ አይነካኩም?» ባጃጅ ውስጥ ሰው ተጠጋግቶ ከተቀመጠ ሹፌሩ ጀብሪል ራሱ ሬዲዮኑን ይዘጋል፤ ትምህርት ሊጀመር ነውና። መርሳ ላይ በሰው ሠርግ፣ ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ሲያያዙ «ተነካኩ! ማን እንደሚሟሟ እናያለን!» ብለው ጮኹ። የሙሽራዋ እናት «መምህር፣ ይብሉ እንጂ!» ብለው አፋቸውን በጉርሻ ዘጉት።

ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ያስደንቃልም። ድኝ ያለባቸው ሁለት ድንጋዮች፣ ወርቅ መሳዩ ፒራይትና እርሳስ ያለበት ግራጫው፣ ተነካክተው አሲድ ውስጥ ሲገቡ ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳል። ግራጫው ብቻውን ከሚሟሟው ይልቅ ፈጥኖ ይሟሟል፤ ወርቅ መሳዩ በሱ ኪሳራ ደህና ይቀመጣል። «እዩት! እዩት!» እያሉ ብርጭቆውን ሲያሽከረክሩ ጋዋናቸው ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል።

መምህር የሚሠሩበት ላብራቶሪ መዝገብ ያዥ ዮርዳኖስ በዚህ ትበሽቅ ነበር። «መምህር፣ መጀመሪያ ይመዘን!»

«አንቺ ልጅ፣ ደስታ ሚዛን ይጠብቃል?»

በዚያ በነሐሴ 3 ጦርነቱ ወደ ከተማው ቀርቦ ሰው ጓዙን ይጭን ነበር። የሁለት ዓመቱ የድንጋዮቹ ሙከራ የቀረው አንድ ምዘና ብቻ ነበር። ዮርዳኖስ ደወለች፦ «መምህር፣ መብራት ሳይጠፋ ይምጡ!»

«የጎረቤቴ የወርቅነሽ እህል ሳይፈጭ መብራቱ ቢጠፋስ? ልጆቿ ምን ሊበሉ ነው? ድንጋይ አይርበውም። አድርሼላት መጣሁ።»

አልመጡም። ወደ ላብራቶሪው ሲያቀኑ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ገደላቸው። ያ ሁሉ ጩኸት የሌለበት ክፍል እንደማያሠራት ዮርዳኖስ ያወቀችው ኋላ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት አንድም ነገር ሳታስቀር እንድትነግራት ወርቅነሽን ደጋግማ ጠየቀቻት።

ወርቅነሽ ከሰልፈኞቹ እንደሰማችው፣ ወፍጮ ቤቱ በፍርሃት ጸጥ ብሎ ነበር። መምህር ጆንያውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ጀመሩ፦ «ግራጫው ለወርቅ መሳዩ እንዴት እንደሚያልቅለት ብታዩ!»

«አንቱ መምህር፣ ተራዎ ደረሰ፤ ማሽላውን ይጨምሩት!» አለች አንዷ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ማሽላው ተፈጨ። ዱቄቱን ተሸክመው ከወርቅነሽ ደጃፍ አደረሱ። ስትቀበላቸው ገና ይሞቅ ነበር።