አረፋው አይዋሽም

«ቁም! ቁም አልኩህ እኮ! አሁን ወደፊት... ትንሽ ብቻ፤ የጉንዳን እርምጃ!»

ሞተሩን ገና አላጠፋሁም። ከመኪናዬ ኋላ የምጎትተው ቤት ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ሣር ላይ ነው። በመስታወቱ ሳይ ቁምጣ የለበሱ፣ ነጭ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው የሳቡ ሽማግሌ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ጣውላ፣ በሌላው ቢጫ ውሃ ልክ። ማንም አልጠራቸውም።

በሚኒሶታ ሐይቆች ዳር ባለ ካምፕ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ካምፑ መጸዳጃ ላይኖረው ይችላል፤ እሱ ግን አለ። የሰው ተጎታች ቤት ተንጋዶ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። የኛው ክቡር ዶክተር ቨርሊን ሆግስታድ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የወረዳውን ጥርስ ሲነቅሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሁላችንም በተራችን እሳቸው ወንበር ላይ ተጋድመን ስለምናውቅ ዛሬም የሚከራከራቸው የለም።

ሥርዓታቸው አንድ ነው። መጀመሪያ ግራና ቀኙ ይስተካከላል፤ ዝቅ ያለው ጎማ ጣውላ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ ጎማው ታኮ ይደረግበታል። ከዚያ በኋላ ብቻ ቤቱ ከመኪናው ጋንቾ ይፈታል። ፊትና ኋላው በፊተኛው ክሪክ ይስተካከላል። አራቱ መደገፊያ እግሮች መጨረሻ ይወርዳሉ። ይህን ያዛባ ሰው እሳቸው ፊት ጸሎት ሳያደርስ ማዕድ የቆረሰ ያህል ነው። ታኮ ሳያደርግ ጋንቾውን የፈታ አንድ ሰው ቤቱን ከሐይቁ ውስጥ እንዳወጣ በየዓመቱ ይተርኩልናል። ሰውየው በሕይወት አለ፤ ሲተርኩ እዚያው ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ጎረቤታችን ኦሪን ትቬይት አንድ ጊዜ ጣውላ ለማንሣት ሰንፎ ቤቱን በመደገፊያ እግሮቹ ወደ ላይ ሊያነሣው ሞከረ። ዶክተር ቨርሊን ከሐይቁ ማዶ አይተው በጀልባ መጡ።

«መደገፊያ ነው እንጂ ማንሻ አይደለም! አንተ በከዘራህ ቤትህን ትሸከማለህ?»

ሲደርሱ አንዱ መደገፊያ እግር ተጣምሟል። የቤቱ ፍሬም ተወላግዶ በሩ አልከፈት ስላለ ኦሪን እስኪጠገን ድረስ በመስኮት ይገባ ነበር።

ሌላ ጊዜ ከቺካጎ የመጣ ሰው ቁልፍ ሲጫኑት ራሱን የሚያስተካክል ዘመናዊ ቤት ይዞ ደረሰ። ዶክተር ቨርሊን እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ማሽኑ እስኪጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ተንበርክከው ውሃ ልካቸውን አስቀመጡ።

«ትንሽ ትቀራለች» አሉት።

ምሳ ሰዓት ላይም በር ያንኳኳሉ። «ይቅርታ፤ ሾርባህን በመስኮት አይቼው ነው። ወደ ምሥራቅ ሄዷል።» ሰውየው ከተከራከረ ውሃ ልኩን አፍንጫው ሥር ያስጠጉና ውስጡ የምትዋልለውን የአየር አረፋ እያሳዩ የታወቀችውን ይናገራሉ፦ «አረፋው አይዋሽም።»

እኔ ግን ጣውላ ይዘው በተቀበሉኝ በዚያ ቀን ለክርክር ልብ አልነበረኝም። ባለቤቴ ማርሊስ በበረዶው ወራት ውስጠኛው ጆሮዋን ታማ ነበር። ቆማ ስትሄድ ደህና ናት። ተጎታች ቤቱ ውስጥ ስትጋደም ግን አልጋው ይዟት ይገለበጣል፤ ያስመልሳታል። በሰኔም በሐምሌም ሞክረን ሳይነጋ ዕቃችንን ጠቅልለን ተመልሰናል። ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ክረምት የገባብን የወጣልን እዚህ ሐይቅ ዳር ነው። ነሐሴ የመጨረሻችን መሆኑን ተስማምተን «የሚሸጥ» የሚለውን ወረቀት በኋላው መስኮት ላይ ለጥፈን ነበር የመጣነው።

ዶክተር ቨርሊን ወረቀቱን አዩት። ሥራቸውን በሥርዓቱ ጨረሱ። አረፋው መሀል ላይ ቆመ። ማርሊስ ገብታ ተጋደመች። ብዙ ሳይቆይ የበሩን ጠርዝ ይዛ ወጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ወደ ግራ ይወድቃል» አለች።

«ልጄ፣ አረፋው አይዋሽም።»

«እንግዲያው ዶክተር፣ አረፋው ይተኛበት።»

ስብከት ጠበቅኩ። ሰውየው ውሃ ልኩን አዩት፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ከዚያ ሣሩ ላይ በፊቱ ደፉት።

«ግቢና ተኚ። ማንኪያ ያዢ። ሲወድቅብሽ ግድግዳውን ምቺ።»

ወንበራቸው ላይ ለተጋደምን ሁሉ ይሉት የነበረው ነው፦ ሲያምህ እጅህን አንሣ። ያን ጊዜ ብናነሣም አያቆሙም ነበር።

አሁን አቆሙ። እግሮቹን ሰቀልን፣ ቤቱን መልሰን ከመኪናው ጋንቾ ጋር አያያዝነው፣ የግራውን ጎማ አንድ ጣውላ ጨምረን አወጣነው፣ ታኮ አድርገን ፈታን። ማንኪያው ጮኸ። እንደገና አያያዝን። ሌላ ጣውላ። ማንኪያው ጮኸ፣ ግን ቀስ ብሎ። ኦሪን የሚታጠፍ ወንበሩን አምጥቶ ተቀመጠ፤ የቀቀለውን በቆሎ እየጋጠ ያየናል።

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር እኮ ዓይኔ እያየ ጠመመ።»

«በቆሎህን ብላ።»

«ፍሪጁስ?» አልኩ እኔ። የጋዝ ፍሪጅ ቤቱ ካጋደለ በደንብ እንደማያቀዘቅዝ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

«ካኮረፈ ወተቱን እኔ ጋ አምጣው።»

ፊተኛውን ክሪክ ትንሽ ዞር አደረጉና ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ጠበቅን። ማንኪያው ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ልቤ አብሮት ወደቀ። ዶክተር ቨርሊን ግን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ማርሊስ እያንኮራፋች ነበር።

«እግሮቹን አውርድ» አሉ በሹክሹክታ። «በቀስታ። በቀስታ አልኩህ!»

ኦሪን ተነሥቶ ውሃ ልኩን ከሣሩ አነሣና የቤቱ መከላከያ ብረት ላይ ሊያስቀምጠው ተጠጋ። በመስኮት ሲገባ የከረመው ይህችን ቀን እየጠበቀ ነው። ሽማግሌው ከእጁ ነጠቁት።

«ቀጥ ያለ ነው።»

«እንዴ፣ ዶክተር፣ አረፋው—»

«ቀጥ ያለ ነው አልኩህ! ወንበርህን ይዘህ ሂድ።»

በዚያው ምሽት ካምፑ ሁሉ ሰማ፤ እየመጡ አዩን፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ እያዘነበሉ። ዶክተር ቨርሊን ለጠየቃቸው ሁሉ የሰጡት መልስ ያው «ቀጥ ያለ ነው» ነበር።

ማርሊስ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ነቃች። ወረቀቱን ከመስኮቱ በቢላ ፋቅኩት። ዘይቱ ወደ መጥበሻው ቀኝ እየሸሸ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቁላሉ በአንድ ወገን አረረብን።