ጠላዬን ያጠቆረውን ሰው ያዝኩት

ቤተሰብ፣ የዛሬውን ጉዴን ከሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። መካነ ሰላም ትንሽ ናት፤ እስካሁን ገበያው በሙሉ ሰምቷል!

የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠላዬን ታውቁታላችሁ አይደል? ሌብል ለጥፌ፣ ፀሐይ ላይ አሰልፌ፣ ፎቶ አንስቼ ፖስት ያደረግኩት? ላይክ ያደረጋችሁት እናንተው ናችሁ። እንዳትክዱ!

ነገ የሚቀምሱት ጋሽ ተፈራ ነበሩ፤ መናኸሪያው ጋ ምግብ ቤት ያላቸው። ከወደዱት ፍሪጃቸው ውስጥ ይገባል። ካልወደዱት እማዬ ቁርጡን ነግራኛለች፦ «ደሴ ሄደሽ አክስትሽ ሱቅ ትቀመጫለሽ!»

አክስቴን ብታውቋት ታለቅሱልኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት እስኪ ልየው ብዬ አንዱን ከፈትኩ።

ያ ረቢ!

ጋኑ ውስጥ የማር መልክ የነበረው ጠላ ጎርፍ መስሏል። ሽታውስ? የተቃጠለ ኮንጎ ጫማ አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ነው።

ሌላ ከፈትኩ። ኮንጎ። ሌላ። ኮንጎ!

ጋኑ ውስጥ የቀረውን ቀመስኩ። እሱ ግን ደህና ነው።

እስኪ አስቡት። ከአንድ ጋን የተቀዳ ጠላ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ብቻ እንዴት ይበላሻል? ሰው ነክቶታል!

ማን?

እትዬ ዘነቡ ናቸዋ! አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን፣ ዕድሜ ልካቸውን ጠላ ሲሸጡ የኖሩ። ትናንት «እሳት ልጭር» ብለው መጥተው ጠርሙሶቼ ፊት ቆሙ። «ማሻአላህ፣ ሲያምሩ!» አሉ። እዚህ ክርስቲያኑም እንደሚል አውቃለሁ። ግን ደገሙት! ምን አስደገማቸው?

ጠርሙሴን ይዤ ግቢያቸው ገባሁ። በጠጪ ሞልቷል።

«እትዬ፣ ጠላዬን ምን አደረጉብኝ?»

«እኔ?»

«ዓይንዎ ነው ወይስ እጅዎ?»

አዎ፣ ብያለሁ። ያውም በደንበኞቻቸው ፊት። ቡዳ ነዎት ከማለት በምን ይለያል?

ይሰድቡኛል ስል ባዶ ብርጭቆ አቀበሉኝ። «ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል። በይ ከጠርሙስሽ ቅጂና ቅመሺልን!»

ቀመስኩ።

«ኧረ ልጅቷን ውሃ ስጧት!» አለ አንዱ ጠጪ።

ነደደኝ። «እኔ ምንም አላጎደልኩም!» ብዬ ጮህኩ። «ጌሾውን በፀሐይ አድርቄያለሁ! ጋኑን አጥኛለሁ! እንዲያውም ጠርሙሶቹን ሳይቀር አንድ በአንድ በወይራ ጭስ አጥኛቸዋለሁ!»

ጠጪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ምኑን?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ጠርሙሶቹን።»

«ይሄን ፕላስቲክ?»

እጄ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየሁት። አንገቱ ተጨማዷል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳጥነው ሲጨማደድ አይቼው ነበር። ስታይል ይሰጠዋል ብዬ አለፍኩት!

የሳቁን ነገር ተዉት። አንዱ ከመደቡ ወርዶ መሬት ላይ ነው የሳቀው። እትዬ ዘነቡ እንባቸውን እየጠረጉ «አይ ልጄ፣ ጋን እኮ ሸክላ ነው!» አሉ።

ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጥግ ላይ።

ጋሽ ተፈራ! የእትዬን ጠላ ይዘው!

«በቃ፣ ነገ አልመጣም» አሉ።

ልቤ ደሴ ደረሰች።

«ግን ጋኑ ውስጥ የተረፈ አለሽ?»

እየሮጥኩ በጆግ አመጣሁ። መዳፌ ላይ አፍስሼ ቀመስኩላቸው። ጠጡ። ድገሚኝ አሉ!

«ጠላሽስ ጠላ ነው። ፕላስቲክሽን ግን ደጄ እንዳታደርሺው። በቢራ ጠርሙስ ሞልተሽ አምጪና እንየው። ለፎቶ ብለሽም ፀሐይ አታስመቺው፣ መልኩን ያጠፋዋል።»

እየዘለልኩ ወጣሁ። የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ባዶ የቢራ ጠርሙስ በሳጥን በሳጥን የደረደረ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው። የእትዬ ዘነቡ!

እና ቤተሰብ፣ ኮሜንት ላይ ምከሩኝ፦ ጠዋት በዓይንዎ በሉት ያልኳቸውን ሴትዮ ከሰዓት «እትዬ፣ እባክዎ ጠርሙስ ያውሱኝ» የሚባለው ምን ተብሎ ተጀምሮ ነው?