ወደ ሮም የዞረው የመሪጌታ ጋቢ

ስንፍናን የሚሰድቡ ሰዎች ስንፍና ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ አያውቁም። እኔ ሦስት ቁልፍ መንካት ሰልችቶኝ፣ አንድ ብቻ ለመንካት ስል ዐይኔ ደም እስኪመስል ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ሰነበትኩ። ይህን ያህል የሚለፋ ትጉህ ካለ ይምጣና እንከራከር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር አራዳ፣ ሦስት አባወራ በምንጋራው ግቢ ውስጥ አማተር ሬዲዮ አለኝ፤ መልኩን ከማላውቀው የሩቅ አገር ሰው ጋር የማወጋበት። ፈቃዴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሰላይ ነው የሚለኝ መጥቶ ያንብበው። ደጅ ላይ ረጅም የብረት ቧንቧ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ አንቴናው፣ ሥሩ ላይ ደግሞ ቧንቧውን የምታዞር ትንሽ ሞተር አለች። ሮም ካለው ወዳጄ ጋር ለመገናኘት ሞገዱን ማስተካከል፣ ቧንቧውን ወደ ሰሜን ማዞር፣ ከዚያ «ማን አለ?» እያሉ መጣራት ነው። እነዚህን ሁሉ ትእዛዞች አሰልፎ በአንድ ቁልፍ የሚያስፈጽም፣ ማክሮ የሚሉት ነገር ኮምፒውተሩ ላይ መሥራት ይቻላል። ሠራሁ። ስሙንም «ሮም» አልኩት። ነገሥታቱ ይህችን ከተማ ሲቆረቁሩ የተሰማቸው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ዝናቡ ጋብ ባለበት በአንድ የነሐሴ ጠዋት ቁልፏን ነካኋት። ሞገዱ ተስተካከለ፣ ሞተሯ አጉረመረመች፣ የሮሙ ሰውዬም ወዲያው መለሰልኝ። ሰላምታ ሳንጨርስ ከደጅ ጩኸት ሰማሁ። ጎረቤቴ ዘይነባ ናት፤ ጨርቅ ነጋዴዋ። «ምነው አያ አዳነ! ልብሴን ወዴት እየወሰዱብኝ ነው?» ትላለች። እኔም ሳላስብ ከውስጥ «ወደ ሮም!» አልኳት።

ለካ ማልዳ የልብስ ገመዷን አንዱን ጫፍ ከዘይቱኑ ዛፍ፣ ሌላውን ከቧንቧዬ አስራው ኖሯል! ስወጣ ገመዱ ከዛፉ ተበጥሶ፣ የልጆቿ ሱሪና የባሏ ጀለቢያ በጭቃው እየተጎተቱ ቧንቧው ላይ ይጠመጠማሉ። ከሁሉም መሐል የሦስተኛው ጎረቤታችን የመሪጌታ ነጭ ጋቢ አለ። ፍልሰታን ሊያስቀድሱበት ታጥቦ ከእሷ ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ነው፤ አሁን ግን መልኩ ከግቢው ጭቃ አይለይም።

ለሽምግልና የተቀመጡት እኒያው መሪጌታ ናቸው፤ ተበዳይም ዳኛም። ዘይነባ ቧንቧው ዛሬውኑ ይውረድ አለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አልሰሙም ወይ፣ ከሮሙ ሰው ጋር ሲያወሩ የእኛን ሰላምታ እንኳ አይመልሱም ስትል ከሰሰችኝ። እውነት ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ብድግ አልኩ። አላወርድም! ገመድ ያሰረ ገመዱን ይፍታ እንጂ ቧንቧ የተከለ ምን በደለ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የምነሣው ለዚህ ቧንቧ ስል ነው፤ እሱን የምታወርዱት እኔን ቀብራችሁ ነው አልኩ። ይህን ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እየተንቀጠቀጠም ቢሆን አላወርድም አለ።

መሪጌታ ጭቃ የጠጣ ጋቢያቸውን እንደያዙ ቧንቧውን ሽቅብ አዩት። ያቺ ሞተር ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ታዞራለች ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። በኩራት፣ እንዴታ! አልኩ። ወደ ፀሐይስ? አሉ። ወጥመዱ መቼ ታየኝ? ወደ ፀሐይም አልኳቸው።

ፈረዱ። ቧንቧው ይቁም፤ ክረምቱ እስኪወጣ ግን አግዳሚ እንጨት ይታሰርበትና ልብስ ይሰጣበት። አዳነም ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ የሚያዞር ቁልፍ ይሥራ። ዘይነባ «ሸጋ ፍርድ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ምን ይደረግ፣ ሠራሁ። ስሙን «ልብስ» አልኩት፤ ከ«ሮም» አጠገብ ተቀምጧል። ቢሆንም ረትቻለሁ! አንቴናዬ ይኸው ቆሟል፤ ዐይን ያለው ይመልከት። ፀሐይ ግን ከጎንደር ተነሥታ ወደ ሮም ሄዳ አታውቅም፤ አንቴናዬም የሚከተለው እሷን ነው። ትናንት ወዳጄ ከጉድጓድ የሚመጣ በሚመስል ድምፅ፣ ምነው ጠፋህ፣ አንቴናህን አወረዱብህ እንዴ? አለኝ። የኔን አንቴና ማን ደፍሮ ያወርዳል! አልኩት፤ አንተ ብቻ ትንሽ ታገሥ፣ የመሪጌታ ጋቢ ገና አልደረቀም።