ምስጢረኛው ሞኖብሎክ

በእኛ በኦሃዮ ገጠር ወንድ ልጅ ሚስቱን በአንድ የበዓል ምሽት ይመርጣል። ለክብደት ጉተታ ውድድር የሚሠራት ትንሽ ትራክተር ሞኖብሎክ ግን፣ ያ ፒስተኑ የሚመላለስበት የሞተር ቀፎ፣ የበረዶውን ወራት ሙሉ ያስመክረዋል። ተገቢም ነው። ሚስት ሆዷ ቢሰነጠቅ ችላ ትኖራለች፤ ብረት ግን ክብሩን ያውቃል።

ዴልማር ዚግለር በዚህ ጥበብ የበቃ ሰው ነበር። ሞኖብሎኩን በመዶሻ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይለጥፋል። አንዱን «ገና ልጅ ነው፤ ብረት ውጭ ዝናብ እየጠጣ ካላረፈ ጉልበት የለውም» ብሎ መለሰው። ሌላውን «ድምፁ ትዕቢት አለበት» ብሎ ጣለው። ሐምሌ ሲገባ ዓይኑ ሚስቱ ሎሪን ድንች በምታወጣበት ትራክተር ላይ አረፈ።

«የኔ ማር፣ ያንቺ ሞተር እኮ ሃያ ዓመት ያረፈ ነው።»

«ሃያ ዓመት የሠራ ነው። ያረፍከውስ አንተ! ብትነካው ድንቹን በጥርስህ ታወጣዋለህ።»

«ለአውራጃው ክብር ነው፣ ሎሪን።»

«ለአውራጃው ክብር የእናትህን ሣር ማጨጃ ፍታ።»

በዚያው ሳምንት የዶሮ ቤቱን በር ንፋስ እየከፈተው ቀበሮ አስቸገራት። ሎሪን ከአሮጌ ብረት ሻጭ አንድ የተሰነጠቀ ሞኖብሎክ ለበር መደገፊያ አመጣች። ዝገቱ መኪናዋን እንዳያቆሽሽ በጠረጴዛ ልብስ ጠቅልላዋለች። ጎረቤቷ ቨርሊን ናፕ አየ። ልብስ የለበሰ ብረት!

«ምንድነው እሱ፣ ሎሪን?»

«የዶሮ ቤት በር መደገፊያ።»

«እሺ፣ እሺ» አለ በአንድ ዓይኑ ጠቅሶ። «ከኔ አይወጣም።»

እሑድ ከስብከቱ በፊት ሎሪን ድንቅ ሞኖብሎክ መደበቋን አውራጃው ሁሉ ሰማ። ሰኞ ቨርሊን ልግዛው ብሎ ሲመጣ ዴልማር የዶሮ ቤቱ በር ላይ ተገትሮ ጠበቀው።

«ዴልማር፣ የተሰነጠቀ ነው እኮ!» አለች ሎሪን።

እሱ ግን በመዶሻው ኳ አደረገው። ብረቱ እንደ እርጥብ ግንድ ድፍ አለ።

«ሰማሽ?» አለ ዕንባ አቅርሮ። «ምስጢረኛ ነው። የሚለፈልፉትንማ ሁሉ ጣልኳቸው።»

ሎሪን ልትከራከር ነበር። ትራክተሯን አየችና የተሰነጠቀውን ብረት ለባሏ ለቀቀችለት፤ የዶሮ ቤቱንም በር በገመድ አሰረች።

የነሐሴው በዓል ደረሰ። የጉተታው ክለብ ሊቀመንበር ስለ ድሉ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ድሉ ገና አልመጣም ነበር። ዴልማር ምስጢረኛውን ሞኖብሎክ ከገጠመበት ትራክተር ኋላ ክብደት የተቆለለበትን ተጎታች በሰንሰለት አስሮ ነዳጁን ለቀቀው። ትራክተሩ የታሰረ ውሻ የሚሮጠውን ያህል ሮጠና ጓ! ሞኖብሎኩ እንደ ዳቦ ለሁለት ተገመሰ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ሎሪን እንቁላል ልትሸጥ በድንች ትራክተሯ መጥታ ነበር። «ለቅሶው ይብቃ፣ መንገድ ልቀቁ!» ብላ የባሏን ስብርባሪ በገመድ አስራ ጎተተች። ሰንሰለቱን የሚፈታው ሰው በሐዘን ረስቶታል። ባልም፣ ስብርባሪም፣ ተጎታችም እየተንጓጉ ተከተሏት፤ እስከ ሜዳው ዳር! ዳኛው ሳያስበው የአሸናፊውን ባንዲራ አነሳ።

ከዚያ ወንዶቹ ሁሉ፣ ዴልማርም ጭምር፣ ዓይናቸውን ከሎሪን ሞተር ሳይነቅሉ መፍቻ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ።

«እጅ ወደ ላይ!» አለች ሎሪን። እውነት ስትናገር ማንም አምኗት አያውቅም፤ ስለዚህ እውነቱን ተወችው። ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «ቀፎውማ ከናንተ ቀፎ አይለይም። ነገሩ ያለው ድንቹ ላይ ነው። ብረት የሚጠነክረው ድንች ሲያወጣ ነው። የኔን ማሳ ግን ለማንም አልፈቅድም።»

በማግሥቱ ጠዋት ከአጥሯ ሥር የትራክተር ሰልፍ ተደርድሮ ነበር። ተራ አስከባሪው ዴልማር ነው። ሎሪን ስትለመን ቆይታ፣ እያቅማማች ፈቀደች። እኩለ ቀን ላይ ድንቹ ሁሉ ከመሬት ወጥቶ ተሰጣ።

«እንዴት ነው፣ ጠና?» አለ ቨርሊን ላቡን እየጠረገ።

ሎሪን ሞተሩን በጣቷ ነካ አድርጋ አዳመጠች።

«እየጠና ነው። ግን ባለቤቱ ከረጢት ካልተሸከመ ብረቱ ይከፋዋል።»

ወንዶቹ ተያዩ። ነገሩ ገባቸው። ለከረጢቱም ተጋፉ።