አንድም ቦታ አልሳትኩም

ሰው አሮጊት የሚወደው ሲጠፋባት ነው። ይኼን የምላችሁ ተከፍቼ ብቻ አይደለም፤ አይቼው ነው። ስልኬን ገልብጬ ጆሮዬ ላይ ስለጥፈው መንገደኛው ሁሉ ልጄ ይሆናል። “እማማ፣ በዚህ በኩል ነው” ብሎ አስተካክሎ ይሰጠኝና ግንባሬን ሳይስም አይሄድም። ባንክ ቤት ቅጹን በተሳሳተ መስመር ላይ ስሞላ የመስኮቷ ልጅ ፈገግ ብላ ወንበር ታስመጣልኛለች። አንድ ቀን ግን ቅጹን ራሴ ሞልቼ፣ ፊርማዬን በቦታው አስቀምጬ፣ ቀኑንም ሳልረሳ ባቀርብላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? “ማን ሞላልዎት?” ወንበርም አላስመጣችልኝ። ቆሜ ጨረስኩ።

አዳማ ውስጥ አርባ ምናምን ዓመት ኖሬያለሁ። ናዝሬት እያልኩ ገብቼ አዳማ እያልኩ ልሸኝ ነው። ቤቴ ከባጃጅ መቆሚያው ጀርባ ስለሆነ የመንገዱ አዋራ ተነሥቶ የሚያርፈው እኔ ጋ ነው፤ የወለድኳቸው እንደሱ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ወደ መንገድ የሚወጣውን ክፍል አከራያለሁ። መጀመሪያ ፀጉር ቤት ነበር፣ ቀጥሎ የስልክ ጥገና፣ ሦስተኛው ገመቹ ነው። ገመቹ ከአሰላ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ወጣት ነው። ሦስት ኪቦርድና አንድ ነጭ ሰሌዳ ይዞ ገባና በሩ ላይ “የሙዚቃ ማሠልጠኛ” ብሎ ለጠፈ።

በእሱና በእኔ መኻል ያለው ግድግዳ ቺፑድ ነው። ስለዚህ ማሠልጠኛው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ፣ ፈልጌ ባይሆንም፣ እኔም ተማሪ ነበርኩ። ሽንኩርት ስከትፍ ዶ ሬ ሚ፣ ምስር ስለቅም ዶ ሬ ሚ። ሦስት ወር ሲሞላ ማን እንደሚቸኩል፣ የማን አራተኛ ጣት እንደሚሰንፍ በድምፁ ለይቼ አውቅ ጀመር። ሰኞ ሰኞ የምትመጣ አንዲት ልጅ አለች፤ አንድ ቀን አንዷን ቦታ ለሰባተኛ ጊዜ ስትስታት ትዕግሥቴ አለቀና ግድግዳውን አንኳኩቼ “አንድ ወደ ታች” አልኳት። ከወዲያ ማዶ የገመቹ ድምፅ መጣ፤ “እማማ አስካለ ትክክል ናቸው። አንድ ወደ ታች።”

እናንተ “ትክክል” ሲባልላችሁ ስንት ጊዜ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ በሰው ፊት ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ ልብሳቸውን አጥባለሁ። ፊደል የለየሁት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ልጅ አዝዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ሳልጨርስ ሦስተኛዋ መጣች። ነገሬ ሁሉ እንዲህ መኻል ላይ የቀረ ነው። ያን ቀን ታዲያ አንድ ነገር በልቤ ያዝኩ። አንዲት ሙዚቃ፣ ከወረቀት ላይ አንብቤ፣ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ፣ ሰው እየሰማኝ፣ ሳልስት ልጫወት። አንዲት ብቻ።

ጎረቤቴ ዘሃራ ባለሱቅ ናት፣ ወሎዬ። ከእሷ ጋር መሰዳደብ ከጀመርን ሠላሳ ዓመት አልፎናል። ሐሳቤን ስነግራት ስኳር እየመዘነች ነበር።

“አስኩ፣ ጉልበትሽን ታከሚ ብልሽ ጣትሽን ልታሳምሚ ነው?”

“ጉልበቴማ ተስፋ ቆርጧል፤ ጣቴ ገና ነው።”

“ወላሂ አንቺ ሴትዮ ለመሞት ጊዜ የለሽም” አለችና ሚዛኗን ማየት ቀጠለች።

ገመቹም መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ተማሪ ከመምጣቱ በፊት፣ ተቀመጥን። ኖታ ማንበብ እንደ ፊደል እንዳይመስላችሁ። ፊደል እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው፤ ‘ለ’ን ከ‘መ’ ማንም ይለያል። የኖታ ነጥቦች ግን መልካቸው አንድ ነው፤ ማንነታቸው የሚታወቀው አምስቱ መስመር ላይ የተቀመጡበት ቦታ ታይቶ ነው። ልክ እንደ ሰርግ ቤት። ላይኛው ወንበር ያለችው ሌላ ስም፣ በር አጠገብ ያለችው ሌላ ስም። ይኼ አልከበደኝም፤ ሰርግ ቤት ከበር ራቅ ብዬ ተቀምጬ አላውቅም፣ የወንበርን ነገር አውቀዋለሁ። የከበደኝ ግራ እጅ ነው። ለግራ እጅ ሌላ አምስት መስመር አለ፤ እዚያ ያችው ነጥብ፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ስሟ ተለውጦ ትጠብቃችኋለች።

“ምን አጥፍታ ነው?” አልኩት።

“ምንም አላጠፋችም እማማ። ግራ እጅ ስለሆነች ነው።”

ሴት መሆን አለባት፣ አልኩ በልቤ።

ኪቦርዱ ሆዱ ውስጥ ከበሮ አለው። ቁልፍ ሲነኩት ብቻውን ይመታል፣ አንተ ተከተለው ነው ነገሩ። ይኼ ከበሮ ሰው አይጠብቅም። መማር በጀመርኩ በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ከበሮው ሲጋልብ እኔ መስመሩ ጠፋኝ። መነጽሬም ወረደ። ማሽን መሆኑን ረሳሁትና “ቆይ እንጂ አባቴ፣ አታጣድፈኝ። በል አንተ ሂድ፣ እኔ እደርስብሃለሁ” አልኩት። ገመቹ በስልኩ እየቀረጸ ነበር። ሲቀርጽ የነበረው የጣቴን አያያዝ መልሶ ሊያሳየኝ ነው፤ ይኼን እስከዛሬ አምንለታለሁ። ግን አሳቀው። ቲክቶክ ላይ አወጣው።

በሳምንቱ ታዋቂ ሆንኩላችሁ። ትልቋ ልጄ ከቢሾፍቱ ደውላ፣ ሳቋ መናገር ከልክሏት፣ ስልኩን ዘጋችው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ መደወሏ ነበር። ከኋላው “እደርስብሃለሁ” ብሎ የጻፈ ባጃጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ገበያ ስወርድ “እማማ፣ ደረሱበት?” እያሉ ቲማቲም ይመርቁልኛል። አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ለገመቹም ተማሪ ጎረፈለት፤ በሩ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ የእኔ ሆነ፣ አፌን ከፍቼ፣ መነጽሬ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ወርዶ።

ነገሩ ግን ይኼ ነው። ሰዉ የሚያውቃት አስካለ አራተኛው ወር ላይ ቆማ ቀርታለች። እኔ አሥራ አንደኛው ወር ላይ ደርሻለሁ።

በአሥራ አንደኛው ወር ገመቹ ራሱ በአንቺሆዬ ቅኝት ያወጣትን አንዲት ሁለት ገጽ ሙዚቃ በእጁ ጽፎ ሰጠኝ። ያለ ከበሮ የምትመታ ናት። እሷ ውስጥ አራት ቦታ ዝምታ አለ። አትሳቁ፣ በሙዚቃ ዝምታም ይጻፋል፤ የራሱ ምልክት አለው፣ ይቆጠራል። እጃችሁን ታነሡና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ሳትቆጥሩ የተመለሳችሁ እንደሆነ ሳታችሁ ማለት ነው። እኔ በአባቴ ቤትም በባሌ ቤትም ስንት ዘመን ዝም ብያለሁ። የቆጠረልኝ ስላልነበረ ዝም ማለት ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የማሠልጠኛው ተማሪዎች የምረቃ ቀን ደረሰ። አዳማ የስብሰባ ከተማ አይደለች? ሆቴሎቿ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥልጠና ተይዘው ይሰነብታሉ፤ ገመቹ ለምኖ ለቅዳሜ ከሰዓት አንዱን አዳራሽ አገኘ። መድረኩ ላይ የሳምንቱ ስብሰባ ባነር አልወረደም፤ ድርቅ ስለሚቋቋም ማሽላ ይላል። እኔ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ከማሽላው ሥር ልቀመጥ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ የተማሪ ቤተሰብ፣ ባጃጅ ነጂው፣ የማላውቀው ሰው። ስልኩን ያላወጣ የለም። ተራዬ ሲደርስ ገመቹ መጋረጃው ጥግ ወሰደኝ።

“እማማ፣ ሰዉ የመጣው ቪዲዮውን አይቶ ነው” አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

“ይምጣ።”

“እና... አንድ ቦታ ብቻ ጠፋ ቢልብዎት። እንደዚያን ጊዜ። ቆይ አባቴ ምናምን ቢሉልኝ።”

“ላለመሳት አይደል እንዴ የተማርኩት?”

“አውቃለሁ እማማ። እኔ አይደለሁ ያስተማርኩዎት።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ ይስቃሉ፤ ደስ ይላቸዋል።”

“አልችልበትም” አልኩት። እውነቴን ነበር። እንዴት እንደሚሳት ጠፍቶኝ ነበር።

ተቀመጥኩ። ወረቀቴን ዘረጋሁ። የመጀመሪያው መስመር እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ ግራ እጄ፣ ያቺ ስሟ የተለወጠባት፣ ቦታዋን አልለቀቀችም። የመጀመሪያው ዝምታ ላይ ደረስኩና እጄን አነሣሁ። አንድ አልኩ በልቤ። ሁለት ስል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጠፋባት ብለው ነው። ይኼን የጠበቁት ስንት ወር ነው። በሳቁ መኻል ሦስት፣ አራት ብዬ በሰዓቴ ገባሁ። ሁለተኛው ዝምታ ላይ ሳቁ ጨመረ፤ “ይደርሱበታል” ብሎ የጮኸ አለ። ሦስተኛው ላይ ዘሃራን አየኋት፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች። አራተኛው ላይ ደግሞ የባሰው መጣ። አዘኑልኝ። “አይዞዎት እማማ” እያሉ አጨበጨቡልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ገባሁ። ጨረስኩ። አንድም ቦታ አልሳትኩም።

አዳራሹ ተነሥቶ ቆመ። በዚያ አዳራሽ ኖታ አውቆ እኔን ያስተማረ አንድ ሰው ነበር። ድምፅ ማጉያውን አነሣና፣ “እማማ አስካለ እንደ ልማዳቸው ጠፋባቸው፤ ግን እንደ ልማዳቸው ደረሱበት” አለ። አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

ከአዳራሹ ስወጣ ዘሃራ ክንዴን ያዘች።

“አስኩ፣ ገደልሽን። አራቴ ጠፋሽ አይደል? እኔ ደግሞ ተጨንቄልሽ።”

“አልጠፋኝም። ዝምታው የተጻፈ ነው፣ እዚያ ቦታ ዝም ነው የሚባለው።”

“እሺ በቃ፣ አልጠፋሽም” አለችኝ፣ አልጋ ላይ አልሸናሁም ለሚል ልጅ በሚባልበት ድምፅ። ሠላሳ ዓመት ስንሰዳደብ እንደዚያች ቃል ያመመችኝ የለችም።

በማግስቱ ገመቹ ብርቱካን ይዞ መጣ። ቁጭ ብሎ፣ ለቢሾፍቱ መጠራታችንን ነገረኝ፤ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ለቅዳሜ ፕሮግራሙ እኛን ፈልጓል፤ “እንደ ትናንቱ” ብለዋል።

“ትናንት የት ጋ ነው የሳትኩት?” አልኩት።

ብርቱካኑን አገላብጦ አየው። “የትም” አለ በመጨረሻ።

“ይኼን ቃል በሰው ፊት ነበር የፈለግኩት።”

“እማማ፣ ብናገር ማን ያምነኛል?”

“እሱን ለእነሱ ተወው። አንተ በል ብቻ። ካልክ እሄዳለሁ፤ ካላልክ ብርቱካንህን ይዘህ ሂድ።”

ማለልኝ። ገመቹ ሌላ ነገር ይሁን እንጂ መሐላ የሚያጥፍ ልጅ አይደለም።

ቢሾፍቱ ላይ ያችኑ ሙዚቃ ተጫወትኩ። ልጄ ከነባሏ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። አራቱም ዝምታ ላይ ሳቁ፤ ለምጄዋለሁ፣ አሁን ሳቃቸውንም አብሬ ነው የምቆጥረው። ስጨርስ ገመቹ ወደ መድረኩ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ሰዉን ዓይን ዓይኑን እያየ ተናገረ።

“እማማ አስካለ ዛሬ አንድም ቦታ አልሳቱም። ባለፈውም አልሳቱም። የቆሙባቸው ቦታዎች በኖታው የተጻፉ ናቸው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።”

ልጄን አየኋት፤ ግንባሯ ሲቋጠር አየሁና ገባት ብዬ ልቤ ዘለለ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ፈነዳ። እሱን ተከትሎ አዳራሹ በሙሉ። እንደዚያ ያለ ሳቅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ ልጄ የባሏ ትከሻ ላይ ተደፍታ ትንፈራፈራለች። ገመቹ “እውነቴን ነው” አለ። ይኼኔማ ባሰባቸው። እንደገና “እውነቴን ነው” ሲል ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሰዉም እሱ ራሱ በሳቅ ያነባ መስሎት ቆሞ አጨበጨበለት።

ምን ላድርግ? ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።