የአቶ አሸብር አርባ

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ጋምቤላ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤታችን ግን ነገሩን አንድ ደረጃ አሻሽሎታል፤ ከአሟሟቱም ተዝካሩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛው አቶ አሸብር ባረፉ በሳምንቱ፣ ሰባት አባላት ያሉት የአርባ ቀን ተዝካር አስተባባሪ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሟቹ ለዓመታት ሲጠይቁት የኖሩት ወንበር እንኳ እንዲህ አልፈጠነላቸውም።

ኮሚቴው በአምስት ስብሰባ ከባድ ከባድ ጉዳዮችን መረመረ። በባነሩ ላይ የሚወጣው ፈገግ ያሉበት ፎቶ ይሁን ወይስ የተኮሳተሩበት? ድምፅ ተሰጥቶ የተኮሳተሩበት አለፈ፤ ፈገግታ ለሟች አይመጥንም ተባለ።

በሦስተኛው ስብሰባ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ መጡ። ጣራው እንደሚያፈስ፣ የግንቦት ዝናብ እንደጀመረ፣ ከልጆቻቸው ጋር ሌሊቱን አልጋ ሲገፉ እንደሚያድሩ ተናገሩ። ቆርቆሮውም ሚስማሩም ግቢ ውስጥ ተቀምጧል፤ የጠፋው የሚወጣ ሰው ነው። ሰብሳቢው አቶ ልዑልቃል በትሕትና መለሱላቸው።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይህ የሕያዋን ጉዳይ ነው። ኮሚቴው የተቋቋመው ለሟቹ ነው።»

በአርባኛው ቀን በሟቹ ግቢ የተከልነው ድንኳን አኮራን። ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ አንድ ጠብታ አላስገባም። ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፤ እኛም በላን፣ ጠጣን። ቤት ውስጥ ልጆቹ ባልዲ ይደቅኑ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ አቶ ልዑልቃል ወረቀታቸውን ዘርግተው «የማይረሳው ወንድማችን» ከማለታቸው ከጣራው ላይ መዶሻ ተሰማ።

ጎረቤቱ ኦቻንግ ነው። ጴንጤ ስለሆነ ተዝካር አይበላም ተብሎ አልተጠራም። አቦቦ ወረዳ፣ ሩዝ እርሻ ላይ ከርሞ የተመለሰውም በዚያው ቀን ጠዋት ነው። አቶ ልዑልቃል ወጥተው፣ ሟቹን እያሰብን መሆኑን አስረዱት።

ኦቻንግ ሚስማሩን ከአፉ አወጣ።

«እኛ ተዝካር የለንም» አለ። «አሸብር ታሞ ‹ጣራውን አደራ› ብሎኛል። አደራ ግን አለን።»

ሰብሳቢው ንግግሩ እስኪያልቅ እንኳ እንዲታገስ ጠየቁት። ያን ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው የከረሙት ወይዘሮ ትርንጎ ቀና አሉ።

«ኦቻንግ፣ እንዳታቆም።»

ኮሚቴው በመዝጊያ ስብሰባው ተዝካሩ በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን ገመገመ። በድክመት የተያዘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ኦቻንግ ሟቹን ለማሰብ አልተገኘም። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፈርሜበታለሁም።