ደረጃ የማያልፉት ሚንግ ታቪ

ሚንግ ታቪ ከወገባቸው በላይ በቫኑ መስኮት ወጥተው ፊሽካ ይነፋሉ። በፕኖም ፔን የወንዝ ዳር መንገድ የሚርመሰመሱት ሞተር ብስክሌቶች ግራ ገብቷቸው ይቆማሉ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ያለው ትራፊክ ፖሊስ የራሱን ፊሽካ ከአፉ አውጥቶ ያያቸዋል።

«ሚንግ፣ ይግቡ! ያስሩናል!» አለ ቪቦል፣ ቀሚሳቸውን ከኋላ ይዞ።

«ማን? ይሄ? ይሄ ልጅ ቁርስ አልበላም፤ ፊቱን አታይም?» በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ከቅርጫታቸው አውጥተው በመስኮቱ ዘረጉለት። «እንካ ልጄ። እናትህ ብታይህ ታለቅሳለች።»

ፖሊሱ ሳቀ። መንገዱንም ከፈተ። ቫኑ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት፣ ቪቦል በአስጎብኚነት ዘመኑ ሁሉ መኪና ቆሞበት አይቶ በማያውቀው ጥላ ሥር ቆመ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ሚንግ ታቪ እየወረዱ።

በየመንደሩ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አለች። ካርታ አይታ አታውቅም፣ መንገድ ግን ሁሉ ታውቃለች። ያለ እሷ ሠርግ አይደገስም፣ ያለ እሷ መነኩሴ አይጋበዝም፤ ጉዞ ሲታሰብ ደግሞ ማንም ሳይመርጣት አለቃ ትሆናለች። በፕሬይ ቬንግ ሩዝ ማሳዎች መሃል ላለችው ለእነ ቪቦል መንደር የደረሷት ክብርት ሚንግ ታቪ ናቸው፦ የሩዝ ኑድል ሻጭ፣ የሠርግ ወጥ አዛዥ፣ የዘመናት የጉዞ አስተባባሪ። መንደርተኛው ፊት ለፊት «ሚንግ» ይላቸዋል፣ አክስት እንደ ማለት። ዞር ሲሉ «ጄኔራሏ» ነው።

ጄኔራሏ በዚህ ዓመት ዘመቻ ጠርተዋል፤ መጀመሪያ ፕኖም ፔን፣ ቀጥሎ የጥንት ነገሥታት መቅደሶች ያሉበት አንኮር። ቪቦል የሚኖረው በአንኮር ደጃፍ፣ በሲየም ሪፕ ነው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ነው፤ በሦስት ቋንቋ የነገሥታቱን ስም ሳይደናቀፍ ይጠራል። ዋና ከተማው ድረስ ወርዶ ቫኑን የተቀላቀለው ሚንግ ታቪን ወዶ አይደለም። እናቱ ኖም ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ስለሆነች ነው።

ቪቦል ሕፃን ሳለ፣ መድኃኒት በጠፋበት ዘመን፣ ትኩሳት ሊገድለው ነበር። እናቱ ያኔ ተሳለች፤ ልጁ ከተረፈልኝ በአንኮር ታላቁ መቅደስ ጫፍ ላይ ካለው ቡድሃ ፊት ይዤው እቆማለሁ አለች። ልጁ ተረፈ። ከዚያ ላም ታመመች፣ ጎርፍ መጣ፣ ሌላ ልጅ ተወለደ፣ ባል ሞተ። ስለቱ እንዳለ ቆየ። ልጁ አድጎ የባሕር ማዶ ጡረተኞችን ክንዳቸውን ይዞ ወደዚያ ጫፍ የሚያወጣ ሰው ሆነ። እናቱን ግን አላወጣም።

«በዚህ ጉልበትሽ? ደረጃው እኮ ግድግዳ ነው፣ እማ» ይላታል በስልክ።

«ይሁን» ትላለች። ስለት ያለበት ሰው «ይሁን» ሲል ይከብዳል።

በሚንግ ታቪ ላይ ደግሞ ሌላ ቂም ነበረው። እሳቸው ኑድላቸውን የሚሸጡት ከቤታቸው ሥር፣ ቤቱን በተሸከሙት እንጨቶች መሃል ባለው ጥላ ነው። መንደሩ ሁሉ እዚያው ተቀምጦ ይበላል። ለእናቱ ብቻ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ፣ ሳህን ወደ ታች አላወርድም ብለዋል። «ኖም መብላት ከፈለገች ትውጣ። የእሷ ድርሻ ያለው ላይ ቤት ነው።» ምርኩዝ የያዘች አሮጊት፣ በዚያ ቀጭን የእንጨት ደረጃ! እህቱ ስትነግረው ቪቦል ስልኩን ሊወረውር ምንም አልቀረው። እናቱ ግን በየማለዳው እየተራገመች ወጣች። ኑድሉ ጥሩ ነው።

በፕኖም ፔን ቪቦል ያዘጋጀው ጉብኝት ወንዙ ዳር ተጀምሮ ወንዙ ዳር ያልቅ ነበር። ሎተስ ገዝተው በወንዙ ዳር ባለው ትንሽ ቤተ ጸሎት ያስቀምጣሉ፣ ሁለቱ ወንዞች ሲገናኙ ያያሉ፣ ጥላ ሥር ይበላሉ። ሜዳ ለሜዳ፣ ለእናቱ ጉልበት ታስቦ።

«ይሄ ጉብኝት ነው ወይስ የዳክዬ ሽርሽር?» አሉ ሚንግ ታቪ። «ኮረብታው የታል?»

ኮረብታው ዋት ፕኖም ነው። ከተማዋ በስማቸው የተጠራችው አያት ፔን ያስቆለሉት ነው ይባላል፤ ጫፉ ላይ ቤተ መቅደስ አለ፣ ወደሱ የሚወስድ ረጅም ደረጃም አለው። ሚንግ ታቪ ፊሽካቸውን ነፉ። መንደሩ ወጣ። ኖም ምርኩዟን ይዛ፣ በየመሃሉ እየቆመች፣ እያለከለከች ወጣች። ጸለዩ፣ ወረዱ። ቪቦል የቫኑን በር ሲከፍት ፊሽካው እንደገና ተነፋ።

«አያት ፔንን ሳንሰናበት!» ሚንግ ታቪ ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። «የሰው ቤት ገብቶ ሳይሰናበቱ መውጣት የት አገር ነው? ሁላችሁም ተመለሱ!»

«ሚንግ፣ እናቴን ጉልበቷን ያማታል!»

«ጉልበት የሚታመመው ሲቀመጡበት ነው። እህቴ ኖም፣ ምን ይገትርሻል? ነይ!»

«ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ትገድለኛለች» አለች እናቱ። ዞራም ደረጃውን ጀመረች።

በማዕከላዊው ገበያ ምሳ የበሉት ሚንግ ታቪ ባገኙት ፎቅ ላይ ነው፤ «ታች ዝንብ አለ» ብለው። ወደ ሲየም ሪፕ ሲጓዙ ሾፌሩ ሳቩት ከመንገድ ዳር የቆመ ደረጃ ያለው መቅደስ ባየ ቁጥር ፍጥነት ይጨምር ነበር። አልጠቀመውም። አንዱም አላለፋቸውም።

«ሚንግ ከመሞታቸው በፊት ሰማይ ላይ ደረጃ እንዳለ መጠየቅ አለብኝ» አለ ሳቩት።

«ለአንተ አያስፈልግህም፤ የአንተ መንገድ ወደ ታች ነው። መሪህን ያዝ!»

በማግስቱ ጠዋት ባዮን ገቡ፤ ግንቦቹ ሁሉ ፈገግ ባሉ የድንጋይ ፊቶች የተሞሉበት መቅደስ ነው። ቪቦል ጉሮሮውን ጠረገ። ፊቶቹ የማን እንደሆኑ ሊቃውንት የሚሉትን ሊናገር ሲል ሚንግ ታቪ ቀደሙት።

«ያ ሟቹ ባሌ ነው። ጠጥቶ ሲገባ እንዲህ ነበር ፈገግ የሚለው። ያኛው ደግሞ የመንደሩ ሹም፤ ድልድዩ መቼ ይሠራል ሲሉት። ልጄ፣ ይህን የሠራው ማን ነው አልክ?»

«ሰዎች ናቸው፣ ሚንግ። ድንጋዩን ከተራራ እየቆረጡ፣ በውሃ እያጓጓዙ…»

«ሰው አይደለም። የሰማዩ አናጺ ነው፤ ልጅም ያውቀዋል። ሰው ቢሠራው ኖሮ ፈርሶ ነበር።»

«ፈርሷል እኮ! ያውልዎ ክምሩ!»

ሚንግ ታቪ ክምሩን አዩት። «ያችን ክፍል ሰው አግዞት ይሆናል» አሉ።

መንደሩ ሳቀ፤ ቪቦል አልሳቀም። ዓይኑ ከመቅደሱ ባሻገር በሚያልፉት ሴቶች ላይ አርፎ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ሎተስና የምግብ ዕቃ ይዘው ወደ ገዳሙ ይሄዳሉ።

«ሚንግ፣ ዛሬ ጨረቃ ስንት ናት?»

«ሙሉ ናት። ቅዱስ ቀን ነው። ለምን ይመስልሃል ዛሬን የመረጥኩት? የዛሬ ጽድቅ እጥፍ ነው!»

ቪቦል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በቅዱስ ቀን የአንኮር የላይኛው ደርብ ለጎብኚ ዝግ ነው። የእሱ ጎብኚዎች በፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ስለሚመጡ ይህን ሁልጊዜ አስቀድሞ ያይ ነበር፤ የገዛ መንደሩ ሲመጣ ማየቱን ረሳ። ሚንግ ታቪ ቅዱስ ቀን መሆኑን ያውቃሉ፣ እሱ በቅዱስ ቀን እንደሚዘጋ ያውቃል። ሁለቱን እውቀት የሚያገናኝ ሰው በቫኑ ውስጥ አልነበረም።

ቢሆንም ሄዱ። ረጅሙን የድንጋይ መንገድ በውሃው ላይ ተሻገሩ፣ አደባባዮቹን አለፉ፤ ከደረጃው ሥር ሲደርሱ ገመድ ተወጥሯል። ጠባቂው ልጅ እግር ነው፣ ትሑትም ነው።

«አክስቴ፣ ዛሬ አይቻልም። ነገ ጠዋት።»

«ከየት ነህ አንተ?»

«ከስቫይ ሪየንግ።»

«ጎረቤት! የማን ልጅ?» ሚንግ ታቪ በዓይኑ ፊት ዘር ቆጠሩ፤ በአንድ የእናቱ አጎት ሚስት በኩል ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ኑድል አቀረቡ። የደረቀ ዓሣ አቀረቡ። የልጃቸውን ልጅ ለጋብቻ አቀረቡ። ጠባቂው በሁሉም ላይ እጆቹን አጋጥሞ እጅ ነሣ፤ ገመዱን ግን አልነካም።

ኖም ምርኩዟን ተደግፋ ወደ ላይ ታያለች። ሎተሱን በእጇ ይዛለች። «ይሁን» አለች።

ቪቦል ይህችን ቃል በስልክ ብቻ ነበር የሚሰማት። ፊት ለፊት ሲሰማት ሌላ ነገር ናት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጄኔራሏ አንድ ነገር እንዲያዙ ተመኘ።

ሚንግ ታቪ ዞሩ። «እዚሁ ግቢ ባለው ገዳም እናድራለን። ነገ ጠዋት እንወጣለን።»

«ነገ?» ሳቩት ጮኸ። «ሚንግ፣ ነገ ማታ የሚስቴ እህት ሠርግ ነው! ዛሬ ካልተመለስን ሚስቴ ትፈታኛለች!»

«የሠርጉን ኑድል የሚሠራው ማን ነው?»

ሳቩት የቫኑን ቁልፍ በጣቱ አሽከረከረ።

«ማን ነው?»

«እርስዎ።»

«እኔ የት ነኝ?»

«እዚህ።»

«እንግዲህ ሠርጉ እኔ ስደርስ ይጀመራል።» ፊሽካቸውን ነፉ። መንደሩ ምንጣፉን ተሸክሞ ተከተላቸው። መነኮሳቱ አዳራሹን ከፈቱላቸው፤ ሚንግ ታቪ የወባ አጎበር እንዴት እንደሚሰቀል ለአለቃው መነኩሴ አስረዱ።

በማግስቱ ገመዱ ሲነሣ ከደረጃው ሥር መጀመሪያ የቆመው መንደሩ ነበር። ኖም ግድግዳውን የመሰለውን ደረጃ አየች። ምርኩዟን ለሚንግ ታቪ ሰጠች።

«እርስዎስ አይወጡም?» አለ ቪቦል።

«ሁሉም ከወጣ ታች ያለውን ማን ያዛል? ሂድ፣ ከኋላዋ ሁን። እንዳትይዛት!»

አልያዛትም። እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካት፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተከተላት። እናቱ የደረጃውን መደገፊያ ጨበጠች። ቀኝ እግሯን አስቀደመች፣ ግራውን አመጣች፣ ተነፈሰች። ደገመች። በመሃል ቆማ ትመለሳለች ብሎ ጠበቀ፤ የቆመችው አንድን ጎረምሳ ጎብኚ ለማሳለፍ ነበር። እሱም እያለከለከ ነው። ከታች «ተረከዝሽን አሳርፊ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ከላይ «ዝም በይ፣ አንቺ ጋኔን!» የሚል መልስ ይወርዳል። ቪቦል የነገሥታቱን ስም ሁሉ ረስቶ ነበር።

ጫፉ ላይ ደረሰች።

ከቡድሃው ፊት ተንበረከከች፣ ሎተሱን አስቀመጠች። ቪቦልን ጆሮውን ይዛ ወደ ፊት ሳበችው።

«ይኸውልህ ልጁ» አለች። «ዘገየሁ። ትንሽ ወፍሯል።»

ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ዘረጋች፤ ነፋሱ ፊቷን መታው።

«እማ፣ ያ ጉልበትሽ የት ሄደ?»

«ዓመት ሙሉ ለአንድ ሳህን ኑድል ስወጣ ስወርድ እንዴት አይጠነክር?» ጉልበቷን መታ መታ አደረገችው። «በመጀመሪያ ሰደብኳት። በኋላ ገባኝ። ሳህኑ ላይ እየጨመረች ታወጣኝ ነበር እኮ፤ ዓሣውን ለእኔ ታበዛው ነበር። ዝም አልኩ። እንዳወቅኩ ብታውቅ ኖሮ ታፍርና ታወርድልኝ ነበር።»

ቪቦል ወደ ታች ተመለከተ። ከደረጃው ሥር፣ ሐምራዊ ቀሚስ የለበሱ አጭር ሴት ምርኩዙን እንደ ጦር አቁመው ይዘዋል። አንገታቸውን ቀና አድርገዋል። ኖም እጇን አነሣች። ፊሽካው ተነፋ፤ ረጅም፣ አንኮርን የሚያናጋ። ጠባቂው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ተወው።

ሲወርዱ ቪቦል በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄደ። ከፊታቸው ቆሞ ምርኩዙን ተቀበላቸው።

«ሚንግ…»

«ምን ታፈጥብኛለህ? ትናንት ያመጣኋችሁ እኮ ዛሬ እንደሚከፈት ስለማውቅ ነው። አዳር ባይኖር ኖሮ እግሯ ያርፍ ነበር? አላውቅም?»

መንደሩ ሁሉ ወደ ቪቦል ዞረ። ፈቃዱ በደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ያውቃሉ» አለ ቪቦል። «ሚንግ ያውቃሉ።»

ሠርጉ የተጀመረው ቫኑ ሲደርስ ነው። በማግስቱ ሚንግ ታቪ የኖምን ሳህን ወደ ታች አወረዱላት። ኖም መልሳ ላከችው፤ ተከትላውም ወጣች።